ሄይ ፌስቲቫል ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር አንድ ሳምንት ለመሰንበት ካሰባችሁ

በየዓመቱ ከሄይ ስመለስ ሰው ይጠይቀኛል፣ እንዴት ነው የምትሄዱት፣ የት ነው የምታድሩት፣ ሳምንት ሙሉ መጽሐፍ መጽሐፍ ሲባል አይሰለችም ወይ ምናምን፣ እና ሁሌ በስልክ እየቆራረጥኩ ከምነግር አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ለማታውቁት፣ ሄይ ኦን ዋይ የእንግሊዝና የዌልስ ድንበር ላይ፣ በዌልስ በኩል፣ ዋይ ወንዝ ዳር ያለች ሚጢጢ ከተማ ናት። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ አይሞላም። ግን ግንቦት ሲጋመስ ለአስራ አንድ ቀን ያህል ደራሲው፣ ገጣሚው፣ ሳይንቲስቱ፣ ታሪክ ጸሐፊው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንባቢው ከያለበት ተጠራርቶ እዛ ይከትማል። ፌስቲቫሉ በ1988 ነው የተጀመረው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ቢል ክሊንተን በ2001 ሄዶ «የአእምሮ ውድስቶክ» ብሎታል፣ ውድስቶክ አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ዝነኛ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። እኛ ለንደን ያለን አምስት ጓደኛሞች አራት ጊዜ ሄደናል፣ የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ነገር ተበላሽቶብናል፣ አሁን ግን ነገሩ ገብቶናል።

የገባን ነገር ይሄ ነው፦ ቀን ተበታተኑ፣ ማታ አንድ ማዕድ ላይ ተገናኙ። ሌላው ሁሉ፣ የቤቱም የቲኬቱም የመኪናውም ጉዳይ፣ ለዚህ ሲባል ነው የሚታቀደው። በመጀመሪያው ዓመት አምስታችንም እንደ ሠርግ አጃቢ ተያይዘን እያንዳንዱ ዝግጅት ላይ ገባን፣ ማታ ቤት ስንመለስ የምናወራው አጣን፣ ሁላችንም ያንኑ ነዋ የሰማነው። በሁለተኛው ዓመት ተከፋፈልን፣ ማታ ወሬው አላልቅ ብሎ ሊነጋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሰው ስትመርጡ እንግዲህ ይሄን አስቡ። ሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ማንበብ የለበትም፣ እንደውም ባይሆን ይሻላል። እኛ ጋ አንዷ ነርስ ናት፣ ስለ ህክምናና ስለ አእምሮ የተጻፈ ነገር ታሳድዳለች፣ አንዱ ታሪክ ካልሆነ አይገባም፣ አንዱ ግጥም ነው፣ አንዷ ስለ አፈርና ስለ እርሻ፣ እኔ ልብወለድ። ዋናው መስፈርት ማታ ተቀምጦ የሌላውን መስማት የሚችል ሰው መሆኑ ነው፣ ያቺን ካላሟላ ቢያነብም ባያነብም ሳምንቱ ይከብዳል። ቁጥሩ አራት ወይ አምስት ይሁን፣ አንድ መኪና ይበቃል፣ አንድ ድስት ሽሮም ይበቃል።

ቤቱን በጣም አስቀድማችሁ ያዙ። ሜይ መጨረሻ ላይ ያለው ሰኞ ባንክ ሆሊዴይ፣ ማለትም ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው፣ ፌስቲቫሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሱ በፊት ባለው ሐሙስ ጀምሮ በቀጣዩ ሳምንት እሁድ ያልቃል፣ ያ ሳምንት ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ስለሆነ ልጅ ያለውም የሌለውም ነው የሚመጣው። ከተማዋ እንዳልኳችሁ ትንሽ ናት፣ ስለዚህ ጥቅምት ኅዳር ላይ ካልያዛችሁ መሀል ከተማ አታገኙም። ካጣችሁ አትዘኑ፣ ክላይሮ ቅርብ ነው፣ ግላስበሪ አለ፣ ታልጋርዝ አለ፣ ድንኳን ተክሎ ማደር ለሚወድ የካምፕ ቦታም አለ። አንድ ነገር ላይ ግን እንዳትደራደሩ፦ ቤቱ ውስጥ ሁላችሁንም ዙሪያውን የሚያስቀምጥ ትልቅ ጠረጴዛ ይኑር። ፎቶው ላይ ሶፋና እይታ አይታችሁ ብቻ እንዳትከፍሉ፣ የኩሽናውን ፎቶ ጠይቁ። አንድ ዓመት የሚያምር ቤት ይዘን ጠረጴዛው ለሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ጭናችን ላይ አድርገን በላን፣ ወሬውም እዛና እዚህ ተበጣጥሶ ቀረ።

ቲኬቱ ላይ ልምጣ። ፌስቲቫሉ ግቢ ለመግባት አይከፈልም፣ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ዝግጅት ነው። ግቢው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው፣ ትልልቅ ድንኳኖች ተተክለው፣ መጽሐፍ መሸጫውም ምግቡም እዛው አለ፣ ከመሀል ከተማ በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። ሙሉ ፕሮግራሙ የሚወጣው በፈረንጆቹ ጸደይ ነው፣ የፌስቲቫሉ አባል ለሆነ ሰው ሽያጩ ከሌላው ቀደም ብሎ ስለሚከፈት ከመካከላችሁ አንድ ሰው አባል ይሁን፣ ወጪውን ተካፈሉት። ተማሪ ካለ ለተማሪ ነፃ ቲኬት የሚሰጥበት አሰራር ስላለ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ታዋቂ ሰው ያለበት ቶሎ ያልቃል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ከልቤ የምነግራችሁ ከአራቱ ዓመት ውስጤ የቀሩት ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ሴትዮ ስለ ወንዝ ዓሣ አንድ ሰዓት አወራች፣ እስካሁን ወንዝ ሳይ እሷን ነው የማስበው። ፕሮግራሙ ላይ የኛን ሰውም ፈልጉ፣ ገጣሚው ለምን ሲሳይ ወይ በ2020 ለቡከር የልብወለድ ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር የገባችው መዓዛ መንግስቴ ስማቸው ካለ ያን ቀን አንድ ላይ ግቡ፣ ለሱ ብቻ ሕጉ ይሻራል።

በቀን ሁለት ዝግጅት ይበቃል። ሦስት ስትገቡ የመጀመሪያው ይጠፋል፣ አራት ስትገቡ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚቀረው የወንበሩ ድምፅ ነው። መሀል ላይ ሳር ላይ ጋደም ማለት፣ አሁን የሰማችሁትን ማሰላሰል፣ ማስታወሻ ቢጤ መጻፍ ያስፈልጋል፣ ማታ ለምታወሩት ስንቁ እሱ ነው።

ሰዓት! ይሄን በትልቁ ጻፉት። ሀበሻ ለሀበሻ ሲጻጻፍ 4 ሰዓት ማለት ጠዋት 4 ነው ወይስ በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 4? አንዷ ጓደኛችን ዋትስአፕ ላይ «4 ሰዓት እንዳትረሺ» ስለተባለች ከሰዓት በኋላ መስሏት፣ ዝግጅቱ ግን ጠዋት ነበረ፣ ለወራት ስትጠብቃት የነበረችው ደራሲ አመለጠቻት፣ በጣም ነው የከፋት፣ እኛም አዘንን። ከዛ ወዲህ ግሩፑ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ብቻ ነው፣ 10፡00 ወይ 16፡00 ተብሎ፣ አለቀ። ደግሞ እዛ በሰዓቱ ይጀመራል፣ ዘግይቶ የመጣ ውጭ ሊቀር ይችላል። አካባቢው ላይ ኔትዎርክ ደካማ ስለሆነ «ስደርስ እደውላለሁ» አትባባሉ፣ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የመገናኛውን ቦታና ሰዓት ተነጋገሩ፣ ቲኬቱንም ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱት።

መንገዱ ቀላል ነው። ሄይ ባቡር ጣቢያ የላትም፣ ቅርቡ ሄሪፎርድ ነው፣ ሰላሳ አራት ኪሎሜትር አካባቢ ይርቃል። ከለንደን ፓዲንግተን ቀጥታ ሄሪፎርድ የሚሄድ አለ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ካልሆነ ኒውፖርት ላይ ቀይሮ መሄድ ይቻላል። ከሄሪፎርድ አውቶቡስ አለ፣ በፌስቲቫሉ ሰሞን ተጨማሪ ይመደባል፣ የእሁዱን ግን ቀድማችሁ እዩት። በመኪና ከሆነ ከለንደን አራት ሰዓት ያዙ። ከከተማ ውጭ ካደራችሁ መኪና ግድ ይላል ማለት ይቻላል፣ መንገዱ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ሁለት መኪና የማያሳልፍ ቦታ አለ፣ በግና ጭለማም አለ፣ ስለዚህ የሚነዳው ሰው በየቀኑ ይቀያየር፣ የዛን ቀን የሚነዳ ሰው አይጠጣም።

ገንዘብ ጓደኛ ያጣላል፣ ቀድማችሁ ዝጉት። እኛ እንደ እቁብ ከጥር ጀምሮ በየወሩ እናዋጣለን፣ አንድ ሰብሳቢ አለች፣ ቤት፣ ነዳጅ፣ አስቤዛ ከዛ ይወጣል። ቲኬትና መጽሐፍ የየራስ ነው። ይሄ ከተለየ ብዙ መጽሐፍ የሚገዛውም ምንም የማይገዛውም በሰላም ያድራል።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም፣ የዌልስ ግንቦት ጠዋት ፀሐይ ቀትር ዝናብ ነው፣ ሜዳው ይጨቀያል፣ ቦት ጫማና የዝናብ ጃኬት ያዙ፣ ነጠላ ወይ ጋቢ ማታ ይፈለጋል። ምሽቱ ረጅም ነው፣ ማታ 9 ሰዓት ተኩል በፈረንጅ ድረስ ብርሃን አለ።

ምግብ ግን ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዛ ሄዶ ሳምንቱን በሳንድዊች ይጨርሳል። እንጀራ ከለንደን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሦስት ቀን የሚበቃውን በጨርቅ፣ የቀረውን እየለያያችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ፣ ሲፈለግ አውጥቶ ማሞቅ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ምስር፣ አለቀ። ቁሌቱን ቤታችሁ አብስላችሁ በዕቃ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ወጡ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። ጾም የምትጾሙ ካላችሁ ካሌንደር እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰሞኑ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብም ይበላል፣ ፋሲካ ቀደም ያለበት ዓመት ላይ ግን የሐዋርያት ጾም የፌስቲቫሉ መጨረሻ ላይ ሊገባባችሁ ይችላል። ዳቦ ቆሎ ቦርሳ ውስጥ አይጥፋ፣ ሰልፍ ላይ ከጎናችሁ ለቆመ ሰው ስትሰጡት ምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዛ ወሬ ይጀመራል፣ እኔ ሁለት ሰው የተዋወቅኩት በዳቦ ቆሎ ነው።

ቡና ለማፍላት የምታስቡ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ብዙ የኪራይ ቤት ምድጃው ኢንዳክሽን (ማግኔት የሚይዘውን ዕቃ ብቻ የሚያሞቅ) ነው፣ የሸክላ ጀበና አያሞቅም፣ ስለዚህ ባለቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ ትንሿን የካምፕ ጋዝ ያዙና ውጭ አፍሉ። ሁለተኛ፣ ቆልታችሁ ወይ ዕጣን አጭሳችሁ ቤት ውስጥ እንዳታደርጉት፣ የጭስ አላርሙ ይጮሃል፣ እኛ ላይ ሌሊት ጮሆ ጎረቤት የነበሩ አሮጊት ደንግጠው ወጥተዋል። በነጋታው ይቅርታ ልንጠይቃቸው ሄደን ቡና ጠራናቸው፣ ሦስተኛውን ድረስ ቁጭ ብለው ጠጡ፣ እስካሁን የገና ካርድ ይልኩልናል።

ዝግጅት ላይ ስትገቡ አንዱ ሰዓት ቶሎ ያልቃል፣ መጨረሻው ላይ ለጥያቄ ትንሽ ደቂቃ ይተዋል፣ መጠየቅ ከፈለጋችሁ ጥያቄውን ቀድማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ እጃችሁንም ቶሎ አውጡ። የደራሲውን ቢያንስ አንድ መጽሐፍ አንብባችሁ ብትገቡ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ከዛ ማስፈረም አለ፣ መጽሐፍ መሸጫው ድንኳን ውስጥ ትሰለፋላችሁ፣ ስማችሁን በላቲን ፊደል በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ መጽሐፉ ላይ ለጥፉት፣ ጽጌን ጥሩወርቅን እንግሊዝ በጆሮው ሰምቶ አይጽፈውም። አንዷ ጓደኛችን ግን ስሟን በፊደል ጽፋ ከስሩ በላቲን አደረገችው፣ ደራሲው የመጀመሪያውን አይቶ ይሄ ምንድነው አላት፣ ልጽፈው ልሞክር ብሎ «ሰ»ን ገልብጦ ጻፈላት፣ ያ መጽሐፍ ቤቷ ውስጥ የክብር ቦታ ነው ያለው።

አሁን ወደ አሮጌ መጽሐፍ ቤቶቹ። ፌስቲቫሉ ባይኖርም ሄይ ከተማዋ ራሷ የመጽሐፍ ከተማ ናት፣ ከሃያ በላይ መጽሐፍ መሸጫ አላት። ነገሩን የጀመረው ሪቻርድ ቡዝ የሚባል ሰው ነው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ከፈተ፣ እየሰፋ ሄደ፣ ሌላውም ተከተለው፣ በ1977 ኤፕሪል 1 ቀን ደግሞ ሄይን ነፃ መንግሥት ናት ብሎ ራሱን ንጉሥ አደረገ። በ2019 አርፏል፣ ስሙን የያዘው መደብር ግን አለ፣ እንጨት በእንጨት የሆነ ትልቅ ቤት ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። ግጥም ብቻ ያለበትም አለ። ከተማዋ መሀል ያለው አሮጌ ግንብ፣ ሄይ ካስል፣ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሰማይ ስር የተደረደሩ መደርደሪያዎች አሉ፣ ጠባቂ የለም፣ መጽሐፉን ታነሳላችሁ፣ ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ትጨምራላችሁ። እኔ እዛ ስቆም ሁሌ ልቤ ይነካል፣ ሰው ሰውን እንዲህ ማመን ይችላል ማለት ነው።

ስለ አገራችን የተጻፈ ለምትፈልጉ የምነግራችሁ ምስጢር አለ። «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ብቻ እንዳትጠይቁ፣ የድሮዎቹ «አቢሲኒያ» በሚል ነው ያሉት። አፍሪካ የሚለው መደርደሪያ ጋ ብቻም አትቁሙ፣ የጉዞ መጽሐፍ ጋ፣ የሚሲዮን ጋ፣ በተለይ ደግሞ የጦር ታሪክ ጋ እዩ፣ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ስለወጣበት ዘመቻ የተጻፈው፣ ከ1935 ጀምሮ ስለነበረው የጣልያን ወረራ የተጻፈው እዛ ነው የሚገኘው። ስታገኙ ካርታው አለመቀደዱን፣ ሥዕሎቹ አለመጉደላቸውን ከማውጫው ጋር አመሳክሩ፣ ዋጋው የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከሁለት ሦስት በላይ ስትገዙ ትንሽ ቀንሱልኝ ማለት ነውር አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ልትወስዱት ከሆነ ግን ሚዛኑን አስቡ፣ 23 ኪሎ ሻንጣ በመጽሐፍ ቶሎ ነው የሚሞላው።

ከሳምንቱ አንዱን ቀን ከፌስቲቫሉ ውጡ። ተራራ የሚወድ ሄይ ብላፍ ይውጣ፣ 677 ሜትር ነው፣ ለጎንደር ወይ ለሸዋ ሰው ምንም ማለት አይደለም ግን ላዩ ላይ ሲቆሙ ዌልስ በአንድ በኩል እንግሊዝ በአንድ በኩል ተዘርግተው ይታያሉ። ወንዙ ዳር ደግሞ ዋረን የሚባል መስክ አለ፣ እግር ነክሮ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው።

እኔ ግን ያን ቀን ለሄሪፎርድ ካቴድራል ስጡት ነው የምለው። እዛ ማፓ ሙንዲ የሚሉት የዓለም ካርታ አለ፣ 1300 አካባቢ የተሠራ፣ በአንድ ሙሉ የጥጃ ቆዳ ላይ፣ ቁመቱ 1.58 ወርዱ 1.33 ሜትር። ብራና ነው እኮ! ከላይ ያለው ሰሜን ሳይሆን ምሥራቅ ነው፣ ኢየሩሳሌም መሀል፣ ቀይ ባሕር ደግሞ እውነትም በቀይ ተቀብቷል። በስተቀኝ በደቡቡ ጠርዝ የኛን አገር ፈልጉት፣ አካባቢው ላይ ፊታቸው ደረታቸው ላይ የሆነ ሰዎች ምናምን ተስለዋል፣ ሠዓሊው ያላየውን አገር በሰማው ሞላው። የዛኑ ዘመን የኛ ሰዎች ላሊበላን አንፀው ነበር የሚቀድሱበት፣ እኔ ካርታው ፊት ቆሜ ይሄን ሳስብ ዝም ብዬ ቀረሁ። እዛው ጎን በሰንሰለት የታሰሩ መጻሕፍት ቤት አለ፣ መደርደሪያዎቹ ከ1611 ናቸው፣ መጽሐፎቹ ጀርባቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ነው የተደረደሩት፣ ሰንሰለቱ እንዳይጠላለፍ። የኛ አባቶች በማኅደር አድርገው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ እነሱ በሰንሰለት ያስሩታል፣ መጽሐፍ ለሁለቱም ውድ ነበረ። የመክፈቻ ሰዓቱን ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

እንግዲህ ማታው። ወጡ ይሞቃል፣ ስልክ ሌላ ክፍል ይቀራል፣ በልተን ስናበቃ እያንዳንዱ ሰው ዛሬ ከሰማው አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። አንድ ብቻ ነው፣ ሁሉን ዘክዝኮ መናገር አይቻልም፣ መምረጥ አለበት፣ የሰማውን በአማርኛ መናገርም አለበት። ይሄ መጀመሪያ ቀላል ይመስላል፣ ግን ነርሷ ስለ ትዝታና አእምሮ የሰማችውን በአማርኛ ልትነግረን ስትሞክር ቃል እያጣች፣ እኛም እየረዳናት፣ «መርሳት» እና «መዘንጋት» ምን ልዩነት አላቸው ወደሚል ገብተን ሰዓቱ ሄደ። በእንግሊዝኛ ብትነግረን ኖሮ «ኦኬ» ብለን እናልፈው ነበር። ለመጨረሻው ማታ ደግሞ ሁሉም ከቤቱ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ይዞ ይምጣና ሁለት ሦስት ገጽ ድምፅ አውጥቶ ያንብብ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ሰምተን ያደግን ሰዎች ድምፅ ያለው ንባብ ይናፍቀናል፣ እኛ ውስጥ አንዱ አንብቦ አያውቅም ነበር፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ጀመረ፣ ሲጨርስ ድጋሚ አንብብ አልነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ጠዋት ሁለት ነገር አትርሱ። ገዝታችሁ የጨረሳችሁትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አውጡና ተለዋወጡ፣ ማን የማንን እንደወሰደ ግሩፑ ላይ ጻፉት፣ አለዚያ ዓመት ሙሉ ስትፈላለጉ ትኖራላችሁ። ሁለተኛው፣ ቁልፉን ስትመልሱ የቤቱን ባለቤት የሚቀጥለውን ዓመት ሳምንት እንዲይዙላችሁ እዛው ጠይቋቸው፣ ኩሽናውን አጽድታችሁ ከሆነ እሺ ይላሉ።